ሥዕሉ ጋለሪ ገብቷል፤ ገንዘቡስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሥዕላቸውን በኮሚሽን ለጋለሪ ከሚሰጡ ሠዓሊዎች የደረሱንን ጥያቄዎች በአንድ ላይ አቅርበናል። መልሱን ያዘጋጁት የጋለሪን አሠራርና የውል ሕግን በቅርብ የሚያውቁ ባልደረቦቻችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ቦሌ አካባቢ ያለ ጋለሪ ስድስት ሥዕሎቼን በኮሚሽን ልውሰድ ብሎኛል። ውል እንጻፍ ስላቸው «እኛ የምንሠራው በመተማመን ነው» አሉኝ። አጥብቄ ብጠይቅ ዕድሉ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። (ሠዓሊት፣ ከጉለሌ)

መልስ፦ እነሱ እስኪያዘጋጁ አይጠብቁ። ወረቀቱን ራስዎ ጽፈው፣ በሁለት ቅጂ አትመው፣ ከሥዕሎቹ ጋር ይዘው ይሂዱ። «ውል እንዋዋል» ሲባል ቅር የሚለው ባለጋለሪ እንኳ «መረከቢያውን ይፈርሙልኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ አያንገራግርም። ስድስት ሥዕል ተረክቦ መረከቢያ አልፈርምም የሚል ከሆነ ግን ሥዕሎቹን ይዘው ይመለሱ። ሰውየውን ሌባ ማለታችን አይደለም። ሐቀኛ ቢሆንም ሠራተኛው ይቀየራል፣ ቤቱ ይሸጣል፣ ባለቤቱም ይሞታል። ያን ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል የማን እንደሆነ የሚናገረው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቦታ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2234 ጀምሮ በራሱ ስም፣ ነገር ግን ለሌላ ሰው ሆኖ ስለሚገዛና ስለሚሸጥ የኮሚሽን ወኪል ይደነግጋል። የጋለሪ ሥራ ይኸው ነው። ደረሰኙን የሚቆርጠው በራሱ ስም ነው፤ ገዢውም የሚያውቀው እሱን ነው፤ የሚሸጠው ግን ለእርስዎ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ አናት ላይ «ሥዕሎቹ ተሸጠው ዋጋቸው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ የሠዓሊዋ ንብረት ናቸው፤ ከሽያጩ ገንዘብ የጋለሪው ድርሻ ኮሚሽኑ ብቻ ነው» ብለው ይጻፉ።

ቀጥሎ የሥዕሎቹ ዝርዝር ይመጣል። የእያንዳንዱን ርእስ፣ የተሣለበትን ዓመት፣ በምን ቀለም ምን ላይ እንደተሣለ፣ ቁመቱንና ወርዱን በሴንቲ ሜትር (ቁመቱ ይቀድማል)፣ ፍሬም ያለው መሆን አለመሆኑን፣ የመሸጫ ዋጋውን፣ በመጨረሻም ከዚያ ዋጋ ለእርስዎ የሚደርሰውን ብር ያስፍሩ። ብዙ ሠዓሊ ይህን የመጨረሻ ዓምድ ይዘለዋል። በኋላ ክርክር የሚነሣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው፤ በፐርሰንት ብቻ የተጻፈ ነገር ከምን ላይ እንደሚሰላ ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ይረዳዋል። ሥዕሎችዎ «ርእስ አልባ» ከሆኑና መጠናቸውም ተመሳሳይ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይስጡት፤ ቁጥሩን ከጀርባ በመወጠሪያው እንጨት ላይ በእርሳስ ይጻፉ። ሸራው ጀርባ ላይ በማርከር አይጻፉ፤ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ሰርጎ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል።

ጊዜውንም ይወስኑ። ለመጀመሪያ ግንኙነት ስድስት ወር ይበቃል። በጽሑፍ ካልታደሰ ሥዕሎቹ ይመለሳሉ ይበሉ፤ የመመለሻውን ትራንስፖርት ማን እንደሚከፍልም ይጻፉ። ክፍያን በተመለከተ «ሲሸጥ ይከፈላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አያስይዝም። «ገዢው በከፈለ በ15 ቀን ውስጥ» ይበሉ፤ እስከ 30 ቀን ድረስ ቢደራደሩ ያስኬዳል። ጋለሪው ብቸኛ ሻጭ ልሁን ካለ ብቸኝነቱ በእነዚህ ስድስት ሥዕሎች ላይ ብቻ ይሁን። በአዲስ አበባ የሚሠሩትን ሁሉ ለአንድ ቤት ማሰር ያለብዎት ጋለሪው በዓመት ቢያንስ አንድ የግል ዐውደ ርእይ ሊያዘጋጅልዎት በጽሑፍ ሲገባ ነው። በመጨረሻም ሁለታችሁ ትፈርማላችሁ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርማሉ። በየገጹ ፈርሙ፤ የጋለሪው ማኅተም ካለም ይረፍበት።

ጥያቄ፦ ጋለሪው 40 ፐርሰንት ይወስዳል። ይህ አይበዛም? ደግሞ ለደንበኛ ቅናሽ ሲያደርጉ ቅናሹ ሁልጊዜ ከእኔ ድርሻ ነው የሚቀነሰው። (ከሰሚት)

መልስ፦ ከ30 እስከ 50 ፐርሰንት የተለመደ ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ እኩል ለእኩል መካፈል እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ እኛ እምነት ቁጥሩን ብቻ ይዞ በዛ አነሰ ማለት አይቻልም። ጋለሪው የመክፈቻ ዝግጅት ያደርጋል? ካታሎግ ያሳትማል? ሥዕልዎን ይዞ ሰብሳቢዎች ቤት ይሄዳል? ይህን የሚያደርግ ቤት 40 ቢወስድ ሠርቶበታል። ግድግዳ ብቻ ሰጥቶ ገዢ በራሱ እግር እስኪመጣ የሚጠብቅ ከሆነ 25ም ይበዛበታል።

የቅናሹ ጉዳይ ከፐርሰንቱ የበለጠ ገንዘብ ሊወስድብዎት ይችላል። ዋጋው 80,000 ብር፣ ኮሚሽኑ 40 ፐርሰንት የሆነ ሥዕል እንውሰድ። ቅናሽ ከሌለ ለእርስዎ 48,000፣ ለጋለሪው 32,000 ይደርሳል። ጋለሪው 10 ፐርሰንት ቀንሶ በ72,000 ሸጠው እንበል። ቅናሹ በየድርሻችሁ ከተከፈለ እርስዎ 43,200 ያገኛሉ፤ ጋለሪው 28,800። ቅናሹን ጋለሪው ብቻ ከተሸከመ የእርስዎ 48,000 አይነካም፤ የእሱ 24,000 ይሆናል። አሁን እየሆነ እንዳለው ሁሉም ከእርስዎ ከተቀነሰ ግን 40,000 ብቻ ይቀርልዎታል፤ ከተሸጠበት 72,000 ላይ ጋለሪው የወሰደው 44 ፐርሰንት ሆነ ማለት ነው። ፍትሐዊው አሠራር እስከ 10 ፐርሰንት ያለውን ቅናሽ በየድርሻ መካፈልና ከዚያ ለሚበልጠው አስቀድሞ የእርስዎን የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ነው። የቴሌግራም ወይም የዋትሳፕ መልእክትም ይበቃል፤ ብቻ አያጥፉት።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል። ጋለሪ ውስጥ 80,000 የተለጠፈበትን ሥዕል ስቱዲዮዎ ለመጣ ሰው በ50,000 አይሽጡ። ገዢዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ወሬው በሳምንት ውስጥ ጋለሪው ጋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጋለሪው ለእርስዎ የሚደክምበት ምክንያት የለውም፤ ቀድሞ በሙሉ ዋጋ የገዛዎትም ሰው እንደተታለለ ይሰማዋል። የስቱዲዮና የጋለሪ ዋጋ አንድ ይሁን። ዋጋውን ደግሞ በየስድስት ወሩ ይከልሱት። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ቀለምና ሸራ ዋጋው ንሯል፤ ከዚያ በፊት በወጣ ዋጋ የተሰቀለ ሥዕል ቢሸጥ የተሣለበትን ዕቃ መልሶ ላይገዛ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሥዕሌ በ100,000 ብር ተሸጠ። ድርሻዬ 60 ፐርሰንት ስለሆነ 60,000 ስጠብቅ የደረሰኝ 52,173 ብር ከ91 ሳንቲም ነው። ተበልቻለሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ልዩነቱ የቫት ነው። ጋለሪው የቫት ተመዝጋቢ ከሆነና 100,000 ቫትን የጨመረ ዋጋ ከሆነ፣ በ1.15 ሲካፈል የሥዕሉ ዋጋ 86,956 ብር ከ52 ሳንቲም ይመጣል፤ ቀሪው 13,043 ብር ከ48 ሳንቲም ለመንግሥት የሚገባ ነው። የእርስዎ 60 ፐርሰንት የተሰላው ከ86,956 ብር ከ52 ላይ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። የቫት ደረሰኙን ቅጂ ይጠይቁ። ቫት የተቆረጠበት ደረሰኝ ከሌለ ያ 13,043 ብር የሚቀነስበት ምክንያት የለም፤ ድርሻዎ ከሙሉው 100,000 ላይ ይሰላ። ለወደፊቱ በውሉ ላይ ከዋጋው አጠገብ «ቫትን ጨምሮ» ወይም «ከቫት በፊት» የሚል ይጻፍ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎንም አስቀድመው ይስጡ፤ ቁጥር ለሌለው ሰው ሲከፈል ተቀንሶ የሚያዘው ግብር በጣም ከፍ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ጋለሪው ሥዕሌን ለአንድ ደንበኛ «ቤትህ ሰቅለህ እየው» ብሎ ሰጠው። ሦስት ወር አለፈ፤ ሥዕሉም የለም፣ ብሩም የለም። ስጠይቅ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይከፍላሉ» ይሉኛል። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ትልቅነታቸው ለጋለሪው ይጠቅም ይሆናል፤ እርስዎ ግን ሥዕሉን የሰጡት ለጋለሪው እንጂ ለእሳቸው አይደለም። ያለ እርስዎ ፈቃድ ሥዕሉን ከቤት ካወጣ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። በቃል መጠየቁን አሁን ያቁሙና ማስጠንቀቂያ ይጻፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ለሌላው ወገን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ፍርድ ቤት ቢሄዱ መጀመሪያ የሚነሣብዎት መቃወሚያ ይህ ነው። ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ የሥዕሉ ርእስና መጠን፣ ያስረከቡበት ቀን፣ የተስማማችሁበት ዋጋ፣ ከዚያም «ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ ሥዕሉን ይመልሱ ወይም ድርሻዬን ይክፈሉ»። ቅጂው ላይ ተቀባዩን ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ።

ሥዕሉ በእርግጥ ተሸጦ ገንዘቡን ጋለሪው ይዞት ከተገኘ ነገሩ ከውል ጉዳይ ያልፋል። በአደራ የተሰጠን ንብረት ወይም ገንዘብ ለራስ ማድረግ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ነው። ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ማንሣት ግን አያስፈልግም፤ አብዛኛው ባለጋለሪ ቀኑ የተቆረጠለት ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ደንበኛውን መግፋት ይጀምራል።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ለማየት መውሰድን ሙሉ በሙሉ መከልከል አይጠቅምም፤ ትልልቅ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ገዢው ሳሎኑ ውስጥ ካያቸው በኋላ ነው። ከሰባት ቀን እንዳይበልጥ፣ ወሳጁም ፈርሞና ቀብድ ከፍሎ እንዲወስድ ውሉ ላይ ያስቀምጡ። ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የቀረው ቀብድ በሽያጩ ፐርሰንት መሠረት እንዲከፋፈል አብራችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ጋለሪው ሙሉውን ያስቀረዋል። በየወሩ ለሚከፍል ገዢም ሥዕሉ የሚሰጠው የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ ይሁን፤ እርስዎም ከእያንዳንዱ ክፍያ ድርሻዎን በየጊዜው ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ከጋለሪ የተመለሰልኝ የአክሪሊክ ሥዕል ፊቱ ላይ ክብ ክብ ምልክት ወጥቶበታል። እነሱ «ስትሰጠን እንዲሁ ነበር» ይላሉ። (ከመገናኛ)

መልስ፦ ያ ምልክት የባብል ራፕ፣ ማለትም አየር የያዙ ትንንሽ አረፋዎች ያሉት የማሸጊያ ፕላስቲክ፣ ያተመው ነው። አክሪሊክ ከደረቀም በኋላ ፕላስቲክነቱን አይለቅም፤ ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል። የባብል ራፑ አረፋ ወደ ሥዕሉ ዞሮ ከታሸገና መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት ከዋለ አረፋው ቅርጹን ያትምበታል። የዘይት ሥዕል ላይም ይደርሳል፣ በተለይ ገና ያልጠና ከሆነ። በካውያ ለማስተካከል እንዳይሞክሩ፤ ቀለሙ ይላጣል ወይም ያብረቀርቃል። በጥገና የሠለጠነ ሰው ያሳዩት።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው በርክክብ ቀን የተነሣ ፎቶ ነው። በማስረከቢያው ዕለት እዚያው ጋለሪው ውስጥ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ አራቱን ማዕዘንና ከዚህ ቀደም ያለ ጭረት ካለ እሱን በቅርበት ያንሡ። በዚያው ሰዓት ለጋለሪው ስልክ ይላኩት፤ ቀኑና ሰዓቱ ከመልእክቱ ጋር ይቀመጣል። መረከቢያው ላይም «በደህና ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ይግባ። ኢንሹራንስ ያለው ጋለሪ ካገኙ መልካም፤ ከሌለው «ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ ወይም በጋለሪው እጅ እያለ ቢበላሽ ጋለሪው የሠዓሊውን ሙሉ ድርሻ ይከፍላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አያስቀሩ። ፎቶ ከሌለዎት አሁን የሚሻለው የጥገናውን ወጪ እኩል ለመካፈል መነጋገር ነው።

አስተሻሸጉ እንዲህ ነው። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ሲሊኮን ያለው የማይጣበቅ ወረቀት ይደረጋል፤ ጋዜጣና ተራ ፕላስቲክ አይሆኑም፤ ጋዜጣ ቀለሙን ያስተላልፋል፣ ፕላስቲክ ይጣበቃል። አራቱ ማዕዘን በተጣጠፈ ካርቶን ይሸፈናል። ከዚያ ከፊትም ከኋላም ከሥዕሉ ትንሽ የሚበልጥ ጠፍጣፋ ካርቶን ይደረግና ባብል ራፑ ከካርቶኑ ውጭ፣ አረፋው ወደ ውጭ ዞሮ ይጠቀለላል። ቴፕ ሥዕሉን ወይም ፍሬሙን አይንካ። መኪና ላይ ሥዕል አይተኛም፤ በጠርዙ ቆሞ፣ ፊት ለፊት ተደግፎ ይጓዛል።

ገዢው ወደ ውጭ ይዞ የሚሄድና ሸራው የሚጠቀለል ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ይጨመቅና ሲዘረጋ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃልም። ሸራው የሚጠቀለልበት ቧንቧ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ሰፋ ባለ ቁጥር ይሻላል። ቀለሙ ወፍራም ሆኖ የተቆለለበት ሥዕል ባይጠቀለል ይመረጣል። የዘይት ቀለም በጣት ሲነኩት ደርቆ ቢገኝም ውስጡ እስኪጠና ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ባለፈው ወር የተሣለ የዘይት ሥዕል ተጠቅልሎ መሄድ የለበትም፣ የመጨረሻ ቫርኒሽም ሊቀባ አይገባም። ገዢው አውሮፕላን ማረፊያ እንዳይያዝበት ከጋለሪው ደረሰኝ በተጨማሪ ሥዕሉ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ቢያወጣ ይሻላል። ብራና ላይ በጥንቱ አሣሣል ለሚሠሩ ሠዓሊዎች ይህ ወረቀት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አዲሱ ሥራ ከጥንቱ ጋር በቀላሉ ይምታታል።

ጥያቄ፦ ጋለሪው ሥዕሌን ፖስት ካርድ አድርጎ እየሸጠ ነው። ይችላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ፈቃድ ካልሰጡት አይችልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛትንና የማሰራጨትን መብት ለሥራው አመንጪ ይሰጣል፤ መብቱ በሕይወት ዘመንዎና ከዚያ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሥዕሉን የገዛው ሰው እንኳ የገዛው ሸራውን ነው። ጋለሪው ለሽያጭ ማስታወቂያና ለካታሎግ ፎቶውን እንዲጠቀም ፈቅደው፣ ካርድ፣ ካላንደርና ቲሸርት ግን በተለየ የጽሑፍ ፈቃድና ክፍያ ብቻ ይሁን ይበሉ።

ጥያቄ፦ ኒውዮርክ ነው የምኖረው። አምስት ሥዕሎቼን የያዘው ጋለሪ ሊዘጋ ነው፣ ኪሳራ ሊያስመዘግብ ነው ይባላል። ባንኩ የእኔንም ሥዕል ይወስደዋል? (ከብሮንክስ)

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ የኒውዮርክ ሕግ ከእርስዎ ጋር ነው። የግዛቱ የኪነ ጥበብና ባህል ጉዳዮች ሕግ ክፍል 12 ሠዓሊው ራሱ ለሽያጭ ያስረከበውን ሥዕል በጋለሪው እጅ ያለ የአደራ ንብረት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ከሽያጩ የሠዓሊው ድርሻ የሆነውም ገንዘብ የአደራ ገንዘብ ነው፤ የጋለሪው አበዳሪዎች ሊነኩት አይገባም። በ2012 እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር የተደረገው ማሻሻያ ጥበቃውን አጥብቆታል።

ሆኖም ሕጉ በራሱ ሥዕሉን ቤትዎ አያመጣውም። በሩ ከመታሸጉ በፊት የርክክብ ሰነድዎንና መታወቂያዎን ይዘው ሄደው ያልተሸጡትን ያውጡ፤ ስለተሸጡት በጽሑፍ ሒሳብ ይጠይቁ። ኪሳራው ከተመዘገበ በኋላ ግን በራስዎ ገብተው ማንሣት አይቻልም፤ ለንብረት ጠባቂው ባለቤትነትዎን በሰነድ አስረድተው ይጠይቃሉ፤ ከፍርድ ቤት የሚመጣልዎትንም ደብዳቤ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ይመልሱ። ከፈረሙት ውል ውስጥ መብትዎን የሚያስቀር አንቀጽ መኖሩን ጠበቃ ይይልዎት፤ አቅም ለሌላቸው አርቲስቶች በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚያግዝ ቮለንቲር ሎየርስ ፎር ዘ አርትስ የሚባል ድርጅት እዚያው ኒውዮርክ አለ። በሌላ ግዛት የምትኖሩ ደግሞ ተመሳሳይ ሕግ መኖሩን ሥዕሉን ከማስረከባችሁ በፊት አጣሩ፤ ሁሉም ግዛት የለውም።

ጥያቄ፦ አንድ ሆቴል ሎቢው ውስጥ ሥዕሎቼን ልስቀል ብሎኛል፤ ከተሸጠ 20 ፐርሰንት ይወስዳል። ይጠቅመኛል? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ፐርሰንቱ መልካም ነው፤ ሆቴል ግን ሥዕል ሻጭ ሠራተኛ የለውም። ዋጋውንና የእርስዎን ስልክ የያዘ ትንሽ ካርድ ከእያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ ካልተለጠፈ እንግዳው የሆቴሉ ጌጥ መስሎት ያልፋል። ከምግብ ቤቱ ጭስ፣ ከሻወርና ከእንፋሎት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይም አይስቀሉ። ጊዜው ሦስት ወር ይሁን፤ መረከቢያውን የሚፈርመው የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ሳይሆን ሥራ አስኪያጁ ይሁን።